እንስራውን የሰበርነው እኛ ነን



በዚህ ዓመት በቅርስ ትምህርት የተሰጠን ሥራ ፎቶግራፍ ማንሳት ነበር። መምህራችን "የቤታችሁን ታሪክ በፎቶ አሳዩ፤ ሆኖም ሰው ሁሉ የሚያነሳውን ዓይነት አታምጡልኝ፣ ከራሳችሁ የፈለቀ ይሁን" አለችን። እኛም ከራሳችን ልናፈልቅ ስንሞክር ወደቅን፣ ተቃጠልን፣ ንብ ነደፈችን፤ በመጨረሻም የአንዲት አያት እጅ ወለም አለ። ከዚያ በኋላ በወላጆች ስብሰባ ላይ "ይህ የፎቶ ነገር ይቅርብን፣ ልጆቹ መጽሐፍ ያንብቡ" የሚል ሐሳብ እንደ ተነሳ ሰማን። በስብሰባው ላይ እኛ አልነበርንም። ስለዚህ ሐሳባችንን እዚህ እንጽፋለን። የምናስበው በዕብራይስጥ ነው፣ የምንጽፈው በአማርኛ ነው፤ ስሕተት ብታገኙ ይቅር በሉን። ዓመቶቹንም የጻፍነው እዚህ አገር እንደሚቆጠረው ነው።

በመጀመሪያ የደረሰብንን ሁሉ እንናገር። እያንዳንዳችሁ የምታውቁት የራሳችሁን ልጅ ነገር ብቻ ነው፤ አንዳንዶቻችሁም እሱንም በትክክል አታውቁትም።

ነገሩ የተጀመረው በቡና ነው። ከመካከላችን አንዱ ቡና ሲፈላ ከላይ ወደ ታች ማንሳት ፈለገ። ረከቦቱ፣ ሲኒዎቹና ጀበናው ከላይ ሲታዩ እንደ ሰዓት ክብ ይሆናሉ ብሎ አሰበ። የፕላስቲክ ወንበር ላይ ወጣ። አልበቃውም፤ በወንበሩ ላይ ሌላ ወንበር ደረበ። ወንበሮቹ ሲንሸራተቱ በአንድ እጁ ስልኩን እንዳይሰበር ወደ ላይ ይዞ፣ በሌላው እጁ የከሰል ምድጃው ላይ አረፈ። ስልኩ ደኅና ነው። መዳፉ ግን ተቃጠለ። አክስቱ ቅቤ ልትቀባው ስትነሳ ጎረቤት ያለች ነርስ "ቅቤ አይደለም፣ ቀዝቃዛ ውሃ ነው" ብላ ሃያ ደቂቃ ከቧንቧ ሥር አቆመችው። ሁለት ሳምንት ብዕር መያዝ አልቻለም። ወቅቱ የፈተና ስለነበረ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ግማሾቻችን ቀንተንበታል።

ከዚያ የሱፍ ማሳው መጣ። በመላው እስራኤል የአፉላ ፍሬ ሲባል የማያውቅ የለም፤ በጋ ሲገባም የከተማችን ዙሪያ በሱፍ አበባ ቢጫ ይሆናል። አንዷ ጓደኛችን አያቷ ስለ አደይ አበባ ሲያወሩ እየሰማች አድጋለች። አደይ ግን አይታ አታውቅም። የሱፉ ቢጫ አደይን ይመስልልኛል ብላ የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ ከአበባው መሐል ገብታ ተቀመጠች። የሱፍ አበባ የንቦች ቤት መሆኑን ማንኛችንም አላሰብንም። አንዷ የዓይኗን ቆብ፣ ሌላዋ ከንፈሯን ነደፏት። በዚያ ቀን ካነሳናቸው ስድሳ ፎቶዎች በሃምሳ ዘጠኙ ላይ እየሮጠች ነው።

በጊቫት ሃሞሬ ኮረብታ ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ ነጠላውን እንደ ክንፍ ዘርግቶ የዘለለው ልጅ ደግሞ ድንጋይ ላይ አርፎ ቁርጭምጭሚቱ ወለም አለው። ለእናቱ አልተናገረም። ሦስት ቀን እያነከሰ ደረጃ ሲወጣ በሕንፃው ውስጥ የሚኖሩ አንድ አባት አዩት። በአገራቸው ወጌሻ ነበሩ። ቁጭ አድርገው በዘይት አሹለትና "አጥንትህ ደኅና ነው፣ ልብህ ነው የተሰበረው፣ ሂድ ለእናትህ ንገራት" አሉት። ኩፓት ሆሊም ሄዶ ራጅ ሲነሳም ሐኪሙ ያለው ያንኑ ነው፤ ስለ ልቡ ግን ምንም አላለም።

ማንም ሳይጎዳ የቀረበት አንድ ቀን አለ፤ ከሁሉ የሚያሳፍረንም እሱ ነው። ጥቂቶቻችን በባቡር ሐዲድ ላይ ጓዝ ተሸክመን ስንሄድ ሊነሳን የሚችል ፎቶ አሰብን፤ የሱዳን መንገድ ምሳሌ እንዲሆን። በ1905 ከሃይፋ እስከ ጼማሕ የተከፈተው የጥንቱ ባቡር በአፉላ ያልፍ ነበር፤ እሱ ከቀረ በኋላ ለብዙ ዓመታት ባቡር የሚባል አልነበረም። በ2016 ግን አዲሱ የሸለቆ ባቡር ከሃይፋ እስከ ቤት ሸአን ተከፍቶ በከተማችን ያልፋል። ታሪኩን አጥንተናል፣ የባቡሩን ሰዓት ግን አላጠናንም። አጥሩ ጋ ስንደርስ አንድ ዘበኛ ጮኾ መለሰን። የአንዳችን አያት ይህን ሲሰሙ "ወደ ሱዳን ባቡር ነበረ እንዴ? ምነው ያኔ በነገራችሁን!" ብለው ሳቁብን። ጉዳዩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። የሕንድ ሐኪሞች በ2018 ባሳተሙት ጥናት ከ2011 እስከ 2017 ባሉት ዓመታት ራሳቸውን ፎቶ ሲያነሱ የሞቱ 259 ሰዎችን ከዓለም ጋዜጦች ቆጥረዋል። ከሁሉ የበዛው በውሃ መስጠም ነው፤ ቀጥሎ ባቡርን የመሰለ መጓጓዣ፣ ከዚያ ከከፍታ መውደቅ። አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው። በዚህ ነገር ልክ ናችሁ፤ አንከራከርም። ሐዲድ፣ ጣራ፣ የሕንፃ ጫፍ፣ እነዚህን ከልክሉን።

አሁን ወደ እንስራው እንምጣ።

ሲግድ በ2008 በሕግ የአገሪቱ በዓል ከሆነ ወዲህ በየትምህርት ቤቱ ስለ እኛ የሚሰቀለው ፎቶ ያው ነው። ቄሶች ጃንጥላ ይዘው፣ እናቶች ነጭ ለብሰው፣ አንድ ሕፃን ባንዲራ ይዞ። ቆንጆ ነው፤ ግን እኛ ያነሳነው አይደለም፣ እናንተም አላነሳችሁትም። እኛ የፈለግነው ከበዓል ውጪ ያለውን ቀን ነበር፤ እናንተ ልጅ ሳላችሁ ተራ ማክሰኞ ምን ይመስል እንደ ነበር። ስለዚህ የአንዳችንን አያት ውሃ ሲቀዱ እናንሳ ተባለ። አያት ከጎንደር አካባቢ የመጡ ናቸው፣ ዕድሜያቸው ከሰባ በላይ ነው፤ ስንጠይቃቸው እሺ ለማለት አንድ ደቂቃ አልፈጀባቸውም።

እንስራ ከየት ይገኛል? ጎረቤት ሳሎን ውስጥ ለጌጥ የተቀመጠ፣ ደረቅ አበባ የተሞላ አንድ እንስራ ነበር። ተዋስነው። ከቤቶቹ ጀርባ ወደ ኮረብታው የምትወጣ የእግር መንገድ አለች፤ ከዚያ ሸለቆው ሁሉ ይታያል። እዚያ ወሰድናቸው።

መጀመሪያ እንስራውን ራሳቸው ላይ ልናስቀምጥ ሞከርን። በስልካችን ያየናቸው የአፍሪካ ፎቶዎች ሁሉ እንደዚያ ናቸው። አያት እስኪያለቅሱ ሳቁ። "ማን በራሱ ተሸክሞ ያውቃል? እንስራ የጀርባ ነው!" አሉን። የልብስ ማስጫ ገመድ አስመጡና እንስራውን በጀርባቸው አዝለው ገመዱን በደረታቸው በኩል እንዴት እንደሚያስሩት አሳዩን። እኛ አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ የማናውቀውን በሁለት ደቂቃ አወቅን። ቀጥለው እንዲህ አሉ፦ "ባዶ እንስራ ይታወቃል። ጀርባ ካላጎነበሰ ፎቶአችሁ ውሸት ይሆናል፤ ውሃ ጨምሩበት።" እኛ ስድስት ጠርሙስ ውሃ ነበረን፤ እያንዳንዱ አንድ ሊትር ተኩል። ስድስቱንም ገለበጥነው። ዘጠኝ ሊትር ውሃ፣ ከእንስራው ክብደት ጋር፣ በሰባ ዓመት ጀርባ ላይ። ይህን ስንጽፍ እጃችን ይከብደናል።

አሥር እርምጃ ያህል ወጡ። አንዱ ልጅ ከታች ወደ ላይ ለማንሳት መሬት ላይ ተጋድሞ ነበር። አያት ዞር ብለው "ተነስ ልጄ፣ እናትህ ልብስ ማጠብ አይሰለቻትም?" ሊሉት ሲሉ እግራቸው ጠጠሩ ላይ ተንሸራተተ። በእጃቸው ተደግፈው ወደቁ። እንስራው ከበስተኋላቸው ድንጋይ ላይ አርፎ ተሰበረ፣ ውሃው በመንገዱ ወረደ።

ሁላችንም ሮጥን። ሁላችንም ማለት ግን ውሸት ነው። መሬት ላይ ተጋድሞ የነበረው ልጅ ፎቶ ማንሳቱን አላቆመም። ይህን ባንጽፈው እንወድ ነበር፤ ስሙንም አንጽፍም፤ ምክንያቱም ስልኩን ሌላው ይዞት ቢሆን ኖሮ እሱም ያንኑ ሊያደርግ ይችል ነበር። ጣታችን ከእኛ ቀድሞ መሥራት ለምዷል።

አያት እየተነሱ የመጀመሪያው ቃላቸው "እንስራውን ለሴትዮዋ ማን ይከፍላል?" የሚል ነበር። ሁለተኛው ደግሞ "ለልጆቼ እንዳትነግሩ፣ ከእንግዲህ ከቤት አያስወጡኝም" የሚል። እኛም ሽማግሌ ያለውን ማክበር ነው የተማርነው ብለን ዝም አልን። ዝም ብቻ አይደለም፤ ለቤተሰባቸው ደረጃ ላይ ወደቁ አልን። አራት ቀን ቆይቶ እጃቸው ሲያብጥ ነገሩ ወጣ። ስብራት የለውም፣ ወለምታ ነው ተባለ፤ ፋሻ ታሰረላቸው። ሐኪሙ የነገረን ግን ሌላ ነገር ነው፦ በዚያ ዕድሜ ላለ ሰው ትንሽ አወዳደቅ የሚባል የለም።

እንግዲህ የተቆጣችሁት በዚህ ነው፤ ልክም ናችሁ። ሽማግሌ ማክበር ማለት ሲታመሙ መደበቅ አይደለም። ያከበርነው እርሳቸውን ሳይሆን የራሳችንን ፍርሃት ነበር። ለቤተሰባቸው ሄደን ይቅርታ ጠይቀናል፣ የእንስራውንም ዋጋ በጋራ አዋጥተን ከፍለናል። ባለቤቷ ገንዘቡን አልቀበልም ብላ ነበር፤ በግድ ነው የሰጠናት።

ነገር ግን "የፎቶ ነገር ይቅር" በሚለው አንስማማም። ምክንያታችን ይህ ነው።

ፋሻ ከታሰረላቸው በኋላ ልንጠይቃቸው በሄድንበት ቀን አያት ለምን ያን ያህል ፈጥነው እሺ እንዳሉን ነገሩን። ከቁም ሣጥን አንድ ፖስታ አወጡ። በውስጡ ከጋዜጣ የተቆረጠ ፎቶ አለ፤ በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ የመጡ ሰዎችን ያሳያል። ያን ጊዜ በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው በአውሮፕላን መምጣቱን ሁላችሁም ከእኛ ይበልጥ ታውቃላችሁ። በፎቶው ላይ ሕፃን ያዘለች አንዲት ሴት አለች፤ በግንባሯ ላይ ቁጥር ተለጥፏል፤ ፊቷ ግማሹ ብቻ ነው የሚታየው። "እኔ ሳልሆን አልቀርም" አሉን። ሳልሆን አልቀርም! የወጣትነታቸው ፎቶ ያ ብቻ ነው፤ እሱም የእርሳቸው ይሁን አይሁን በእርግጥ አያውቁም። ያነሳቸው ሰው ስማቸውን አልጠየቃቸውም። ከዚያ በፊት ስለነበረው ሕይወታቸው፣ ስለ ሠርጋቸው፣ ስለ ወንዙ፣ ስለ ሸክላ ሥራቸው አንድም ፎቶ የለም። "አንድ ጊዜ እንኳ እኔው ራሴ እንዲህ አድርጉ ብዬ ልነሳ ብዬ ነው" አሉ።

እኛ ስለ ሥዕሉ ስናስብ እርሳቸው ስለዚህ ያስቡ ነበር። አልጠየቅናቸውም ነበር። ቀድመን ጠይቀናቸው ቢሆን ኖሮ እንስራውን ተሸክመው ተራራ እንዲወጡ ባላስፈለገን፤ ቁጭ ብለው ገመዱን ሲያስሩ የሚያሳየው ፎቶ ይበልጥ ነበር።

ስለዚህ ነገር ስንከራከር አንዱ ልጅ ሙሐመድ አሚንን አነሳ። አንዳንዶቻችሁ ታስታውሱት ይሆናል፤ በ1984 በኮረም የነበረውን ረሃብ ለዓለም ያሳየው የኬንያ ካሜራማን ነው። በዚያው ዓመት የብዙዎቻችን ቤተሰብ በሱዳን መንገድ ላይ ነበር። አሚን በ1991፣ ከሰሎሞን ዘመቻ አሥር ቀን ገደማ በኋላ፣ በአዲስ አበባ የጦር መሣሪያ መጋዘን ሲፈነዳ ግራ እጁን አጣ፤ አብሮት የነበረው ባልደረባው ሞተ። እሱ ግን በሰው ሠራሽ እጅ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ በ1996 በተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ እስከ ሞተበት ቀን ድረስ ሠርቷል። ልጁ ያነሳው "እሱም ተጎድቷል፣ ፎቶ ያለ ጉዳት አይገኝም" ለማለት ነበር። መምህራችን "አሚን ወደ ሆነው ነገር ሄደ። እናንተ ነገሩ እንዲሆንላችሁ ሰው አስጎነበሳችሁ" ብላ መለሰችለት። ለዚህ መልስ አላገኘንም፤ እስከ ዛሬም የለንም።

ሆኖም ለእናንተም አንድ ነገር ማለት አለብን፤ በአክብሮት ነው የምንለው። ስለ ድሮው ስንጠይቃችሁ ብዙ ጊዜ "ተዉት፣ ያለፈ ነገር ነው፣ እናንተ ተማሩ" ትሉናላችሁ። ስለ መንገዱ ስንጠይቅ ቡና ትቀዳላችሁ። እንዳይከፋን ብላችሁ መሆኑ ይገባናል። ግን እናንተ ዝም ስትሉ እኛ በሐዲድ ላይ ጓዝ ተሸክመን እንሄዳለን፣ የሱፍ ማሳን አደይ ነው እንላለን፣ እንስራን ራስ ላይ እንጭናለን። የደረሱብን ጭረቶችና ቃጠሎዎች ግማሾቹ የመጡት ከችኮላ ነው፤ ግማሾቹ ግን የሚነግረን አጥተን በግምት ስለሠራን ነው።

ስለዚህ አትከልክሉን፤ አብራችሁን ኑ። ፎቶ ልናነሳ ስንወጣ አንድ ወላጅ ይኑር። የሚነሳው ሰው ቁጭ ብሎ ያውራን፣ ካሜራው ከወሬው በኋላ ይውጣ፤ ምን እንደሚነሳና ምን እንደማይነሳ እሱ ይወስን። ቢደክመው እናቆማለን። ሰው ከወደቀም ስልኩ መሬት ይውደቅ። ከሚመጣው ወር ጀምሮ በዚህ እንድንሠራ መምህራችን ተስማምታለች፤ የቀረው የእናንተ ፈቃድ ነው።

ስለ ዕለቱ ፎቶ የጠየቃችሁን አላችሁ። አዎ፣ አለ። እንስራው ከጀርባቸው ለቆ ገና መሬት ሳይነካ፣ አያት ዞር ብለው እየሳቁ። ካነሳናቸው ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው፤ ይህን ማለት ደስ አይለንም፣ ግን እውነት ነው። ልጆቻቸው ይጥፋ አሉ። እኛ ለሲግድ ኤግዚቢሽን ይሰቀል ብለን ነበር። በመጨረሻ የተነሱትን ሰው መጠየቅ ነው ተባብለን ሄድን። አያት መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ጊዜ አዩት። ከዚያ "ትልቅ አድርጋችሁ አትሙልኝ፤ የምሰቅለው ግን እኔ ቤት ነው፣ ትምህርት ቤት አይደለም" አሉ። ስለዚህ በዚህች መጽሔት ውስጥ አታገኙትም። ማየት የሚፈልግ እርሳቸው ቤት ሄዶ ቡና ይጠጣ።

የእንስራውን ስባሪ በከረጢት አድርገን አስቀምጠነዋል። አያት ስባሪውን ሲያገላብጡ "ይህ የገበያ ነው፣ በደንብ አልተተኮሰም፤ እኔ ብሠራው ኖሮ እንዲህ በቀላሉ አይሰበርም ነበር" አሉ። የሸለቆው ጥቁር አፈር በአገራቸው የሚያውቁትን ዋልካ ይመስላቸዋል፤ ለሸክላ ይሁን አይሁን ግን በእጃቸው ሳይዳስሱት አይናገሩም። ፋሻው የሚፈታው ከፊታችን ባለው ሳምንት ነው። ከዚያ በኋላ ባለው ዓርብ ጧት እርሳቸውን ወደ ማሳዎቹ የሚወስድ መኪናና አንድ ባልዲ አፈር የሚሸከም ጎልማሳ ያስፈልገናል። የምትችሉ ለመምህራችን ንገሩልን። ባልዲውን እኛ እናመጣለን።